የጥርስ ሳሙናው ሽማግሌ

እሁድ ጠዋት አዳማ ነጭ ትሆናለች። ሌላ ነገር አይደለም፣ ሽማግሌ ነው። ከሶደሬ መንገድ ጀምሮ በየቅያሱ፣ ጋቢ ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው፣ ሦስት ሦስት ሆነው ይሄዳሉ። የፍራሽ ሽማግሌ፣ የኢንሹራንስ ሽማግሌ፣ የውሃ ማጣሪያ ሽማግሌ፣ የጥርስ ሳሙና ሽማግሌ። የአዳማ ሙቀት ደግሞ ቀልድ አያውቅም፣ ስለዚህ ጋቢያቸው ከውስጥ የሚያቀዘቅዝ ነው፤ ሰብሰብ ብለው ሲያልፉ ልክ እንደ አሮጌ ፍሪጅ ዝዝዝ የሚል ድምፅ ይሰማል። አስካለ ሕፃን እያለች ሽማግሌ ሁሉ ዝዝዝ የሚል ይመስላት ነበር። አያቷ ዝዝዝ ሳይሉ የተቀመጡ ቀን ሞቱ ብላ ጎረቤት ጠርታለች።

አስካለ አሁን አስራ ስድስት ዓመቷ ነው። የምትማርበት ክፍል ውስጥ ሦስት ዘርፌሽዋል እና ሁለት ተዋበች አሉ፣ ፋሽኑ እንደዚህ ነው። ናሆም፣ ያፌት፣ ኪሩቤል የሚባል ስም የሰማ ሰው ግን ወዲያው ከወንበሩ ይነሳል፤ ባለስሙ ወይ የሰው አባት ነው ወይ ሽበት ያለው ነው።

ይሄ የሽማግሌ ነገር እንዴት እንደመጣ አባቷ ናሆም መቶ ጊዜ ነግሯታል። እሱ ልጅ እያለ ነጋዴ ያሻውን ሰው፣ ባሻው ሰዓት፣ ሳይጠየቅ መልእክት ይልክ ነበር አለ። መጀመሪያ በኢሜይል፣ ከዚያ በስልክ፣ ከዚያ በመስታወት፣ መጨረሻ ላይ በትራስ። ሰው ፊቱን ሊታጠብ ጎንበስ ሲል መስታወቱ ስለ ፊቱ ይነግረዋል። አንድ ዘመዳቸው ቀብር ላይ ሳጥኑ ራሱ እየወረደ ስለ ሌላ ሳጥን ቅናሽ ሲያወራ ሰዉ አበደ፤ ሕጉ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ነጋዴ ሰው ቤት መልእክት ማስገባት ከፈለገ እንደ ወጉ ሽማግሌ ይላክ። ሦስት፣ ከስልሳ በላይ፣ በእግራቸው። አባወራው «እሺ» ካለ አንድ ዓመት መልእክት ይገባል። እምቢ ካለ ይመለሳሉ። ሦስት ጊዜ የተመለሰ ከዚያ ቤት ለዘላለም ተቆረጠ፤ ድምፁ አይገባ፣ ስሙ አይገባ፣ ጥሪው አይገባ።

ያኔ ሁሉም አጨበጨበ። ሽማግሌ ያልቃል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

አለቀ። የእሁድ ሽማግሌ እንደ ሠርግ አዳራሽ ቀድሞ ይያዛል። የተጣላ ባልና ሚስት የሚያስታርቅ ጠፍቶ በጸጥታ አንድ ቤት ውስጥ እየኖረ ነው። የአንዷ ዘርፌሽዋል ወንድም ሃያ ሁለት ዓመቱ ሆኖ ፀጉሩን ነጭ ቀብቶ፣ ጎብጦ መሄድ እየተለማመደ ነው፤ ወገቡ አሁን እውነትም አልቃና ብሎታል።

የባሰው ደግሞ አነጋገሩ ነው። ድርጅቶቹ ወጉን ሲወስዱ ከነቃሉ ነው የወሰዱት። በር ላይ ቆመው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ «እኛ ዘንድ ያደገ፣ ምግባሩ ያማረ ልጅ አለን፤ ከቤታችሁ ልናዛምደው መጣን» ይላሉ። ልጁ ፍራሽ ነው። ወይ የውሃ ማጣሪያ ነው። አንዴ የጉንዳን መርዝ ነበር።

የአስካለ አባት እምቢ በማለት ሰፈሩ ውስጥ ስም ያለው ሰው ነበር፣ ባለፈው ፋሲካ ሰሞን ግን ተሸወደ። ሦስት ሽማግሌዎች መጥተው «ለዘነበች ነው የመጣነው» አሉ። ዘነበች የአስካለ እህት ናት፣ ሃያ አምስት ዓመቷ፣ መዋዕለ ሕፃናት ታስተምራለች። ስሟን ከነምግባሯ ዘርዝረው ሲጠሩ ናሆም እንባው መጣ። በግ አረደ። ጎረቤት ጠራ። ተበልቶ፣ ተመርቆ፣ እጅ ከተታጠበ በኋላ የሁሉም ታላቅ ጉሮሯቸውን ጠርገው ልጃቸውን አስተዋወቁ፤ «አለኝታ» የሚባል የሕይወት ኢንሹራንስ ነበር፣ ለሴቶች ብቻ። ጎረቤቱ አጥንት እየጋጠ ሳቀ። አሁንም ድረስ ናሆም ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ አንዱ ከበረንዳው ላይ ሆኖ «አማችህ ደህና ነው?» ይለዋል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ናሆም ሽማግሌ ፊት አልወጣም። ሥራውን ለበሩ ሰጠው። የግቢው በር ሽማግሌ ሲመጣ በጣም ጨዋ በሆነ ድምፅ አባወራው ለዛሬ እንደማይመቻቸው ይናገርና ግቢው ጥግ ወዳለችው የቆርቆሮ ማቆያ ያሳልፋቸዋል። እዚያ አግዳሚ ወንበር አለ። ስድስት ሰዓት ሲሆን የቀበሌው አውቶቡስ መጥቶ ይጭናቸዋል፣ በሩም «ተመልሰዋል» ብሎ ይመዘግባል። ናሆም ሳሎን ቁጭ ብሎ የድሮ ኳስ ያያል። ሕይወት አሪፍ ሆነች፣ ለሱ።

ለዘነበች ግን ገሃነም ሆነች፣ ምክንያቱም ዘነበች ደምሰው አላት።

ደምሰው ከከተማው ዳር መብራት የሚያመነጩት የነፋስ ማማዎች ላይ እየወጣ ክንፋቸውን የሚያጸዳ ልጅ ነው። ቁመቱ፣ ሳቁ፣ ከላይ ሲወርድ ፀጉሩ የሚሆነው ነገር፣ በቃ አስካለ ስለሱ ስታስብ ለእህቷ ደስ እያላት ትራስ ትነክሳለች። እና ደምሰው እንደ ወጉ ሽማግሌ ልኳል። የዛሬ ሁለት ሳምንት ላከ፣ በሩ ማቆያ አስገባቸው፣ ተመለሱ። ባለፈው ሳምንት ላከ፣ ተመለሱ። ዛሬ ሦስተኛው ነው። ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ከተመለሱ፣ የሰውን ሽማግሌ ከነጋዴ ሽማግሌ የማይለየው በር የደምሰውን ዘር በሙሉ ይቆርጣል፤ ጥሪው እንኳን እዚህ ቤት አይገባም። ይሄ ሲገርም፣ የደምሰው እናት ራሷ ልጄን ሦስት ጊዜ ካንከራተቱት አራተኛ አልልክም፣ እኔም ክብር አለኝ ብላ ምላለች።

አባዬ ይነገረዋ፣ እንዳይባል ተነግሮታል። ዘነበች ለእናቷ ለሶሊያና ነገረች፣ ሶሊያና ለናሆም ነገረች። ናሆም ለረጅም ጊዜ አሰበና ይሄ ደምሰው የሚባለው ልጅ ራሱ የኢንሹራንስ ተላላኪ መሆን አለበት፣ የበሉኝ አንድ በግ አልበቃቸውም ብሎ ድምፁን ጨመረ። የቴሌቪዥኑን ማለት ነው።

ስለዚህ ዘነበች ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ መስኮት ላይ ቆማ ጥፍሯን ጨርሳ የአስካለን ጥፍር ልትጀምር ነው።

«መጥተው ይሆን?» አለች።

«መጥተዋል አልመጡም በምን አውቃለሁ፣ ሁሉም ነጭ ነው» አለች አስካለ።

«ሂጂና እይልኝ። ውሃ ያዢላቸው፣ ውሃ ልሰጥ ነው ብለሽ።»

አስካለ ጀሪካን አንጠልጥላ ወጣች። ማቆያው ውስጥ የአራት ድርጅት ሽማግሌ ተደርድሮ ዝዝዝ ይላል። በሩ አጠገብ እንደ ሁልጊዜው ጋሽ ኪሩቤል ተቀምጠዋል። ጋሽ ኪሩቤል የጥርስ ሳሙናው ሽማግሌ ናቸው። ሕጉ ሦስት ጊዜ ቢልም ድርጅታቸው ስሙን እየቀያየረ ይልካቸዋል፤ አስካለ ስታድግ በየእሁዱ ሲሰደቡ አይታቸዋለች፣ እሳቸውም ሲፈግጉ አይታለች። ጥርሳቸው ያለ ምንም ማጋነን መብራት ነው።

«አስካለዬ፣ አንቺ ሁሌ ቁመት ብቻ» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እነዚያ ሦስቱ የማን ናቸው? ጋቢያቸው አይጮህም።»

አስካለ ዞረች። ማቆያው መጨረሻ ላይ ሦስት ሽማግሌዎች አሉ። ሁለቱ ግድግዳ ተደግፈዋል። መሐለኛው፣ ሪዛም ሰውዬ፣ ከዘራቸውን ተክለው ቀጥ ብለው ቆመዋል። የለበሱት ጋቢ ለብርድ አገር የተሠራ እውነተኛ ጋቢ ነው። ላባቸው ከግንባራቸው በሪዛቸው ላይ አድርጎ መሬት ይንጠባጠባል። ወንበር እያለ ቆመዋል። ድሮ ድሮ ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ ሳይመለስ አይቀመጥም ነበር፣ አስካለ ታሪክ ላይ ተምራለች፤ የሚያደርገው ሰው ግን ዛሬ ገና አየች።

ጀሪካኗን በሁለት እጇ ያዘች።

ጠጋ ብላ የደምሰው አጎት እርስዎ ነዎት ወይ ብላ ጠየቀች። ሰውዬው ቁልቁል አዩዋት። ስማቸው ያፌት እንደሚባል፣ የመጡበትንም ጉዳይ ለባለቤቱ እንጂ ለልጅ እንደማይናገሩ በጣም በዝግታ ገለጹላት። ቀጥለው ግን ውሃውን አይተው ትንሽ ራሩ፤ ሦስተኛ እሁዳቸው መሆኑን፣ ሁለቱንም ጊዜ እንዲሁ ቆመው እንደዋሉ፣ የቤቱም በር በጣም የተማረ እንደሆነ፣ የሰው ፊት ግን እስካሁን እንዳላዩ ነገሯት። ውሃውን ጠጡ። ቆመው።

አስካለ ወደ ቤት ስትሮጥ አንድ ጫማዋ ግቢው ውስጥ ቀረ።

አባቷ ሶፋው ላይ ነው። አጠገቡ ደርሳ ትንፋሿ እስኪመለስ እጇን አወናጨፈች፣ ከዚያ ሁሉንም ባንዴ አፈሰሰችው፤ እውነተኛ ናቸው፣ ጋቢያቸው አይጮህም፣ ሰውዬው ቆመዋል፣ ላባቸው እየፈሰሰ ነው፣ ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። ናሆም በሐዘኔታ አያት። በልጅነቱ ትራስ ያናገረው ሰው እንደዚህ ነው የሚያየው። ላብ አዲስ ዘዴ መሆን አለበት አለ። ባለፈው ደግሞ እንባ ነበር።

ሶሊያና ከጓዳ ወጣች። ሶሊያና ብዙ የማትናገር ሴት ናት፣ ስለዚህ ስትናገር ቴሌቪዥኑ ራሱ ዝቅ የሚል ይመስላል። «ናሆም» አለች። «ወጥተህ እያቸው። ውሸት ከሆነ እኔ ራሴ አባርራቸዋለሁ። እውነት ሆኖ ካሳለፍከው ግን ልጅህ ቆማ ትቀራለች፣ እኔም እነግራታለሁ ማን እንዳስቀራት።»

ናሆም ተነሳ። ነጠላ ጫማውን አደረገ። በረንዳው ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ ለአስካለ ሚስጥር ነገራት። የድርጅት ሽማግሌ አይናደድም። ስልጠና ወስዶ ነው የሚመጣው፣ ሲሰደብ ይፈግጋል፣ ሲገፋ ይመርቃል። እውነተኛ ሰው ግን ይናደዳል። «ተናዶ ካየሁት አምናለሁ» አለ። አስካለ ይሄ ሐሳብ የሆነ ቦታው ላይ ልክ እንዳልሆነ ተሰምቷት ነበር፣ የቱ ጋ እንደሆነ ግን ለማሰብ ጊዜ አላገኘችም።

ማቆያው ጋ ሲደርሱ ናሆም መለኪያው እንደሚሠራ ለማሳየት በጋሽ ኪሩቤል ጀመረ። «ጥርስዎ ይርገፍ» አላቸው።

«አሜን ልጄ» አሉ ጋሽ ኪሩቤል ፈገግ ብለው። «ለዚያው ነው የመጣነው።»

«አየሽ?» አለ ናሆም ለአስካለ። ከዚያ ወደ መጨረሻው ሄዶ ሪዛሙ ሰውዬ ፊት ቆመ። «እናንተስ? ምን ልትሸጡልኝ ነው?»

ጋሽ ያፌት ጋቢያቸውን አስተካክለው አንገታቸውን ደፉ። ሦስት እሁድ ሙሉ የጠበቁት ሰዓት ነው። «የምንሸጠው የለም» አሉ። «እኛ ዘንድ ያደገ፣ ምግባሩ ያማረ ልጅ አለን። ከቤትዎ ልናዛምደው መጣን።»

ቃል በቃል። አስካለ ዐይኗን ጨፈነች።

«ይሄን ልጅማ አውቀዋለሁ» አለ ናሆም። «ባለፈው ዓመት ስፖንጅ ነበር፣ ከዚያ ማጣሪያ ሆነ፣ ከዚያ የጉንዳን መርዝ። አሁን ደግሞ ምን ሆኖ መጣ? ወስዳችሁ ገደል ክተቱት። የማይረባ ዕቃ ነው። የወለደችውም እናት በቅናሽ ነው የወለደችው።»

ማቆያው ውስጥ ዝዝዝ ብቻ ቀረ። የጋሽ ያፌት ሪዝ መጀመሪያ በግራ በኩል፣ ቀጥሎ በቀኝ በኩል ተንቀጠቀጠ።

«እህቴን ነው?» አሉ።

ናሆም ሪዙን ብቻ ትኩር ብሎ ያያል።

«አቶ ናሆም፣ ልጅዎን ያኑርልዎ። ለእኛም ልጃችንን ያኑርልን» አሉ ጋሽ ያፌት። ከዘራቸውን ነቀሉ። ሁለቱን ጓደኞቻቸውን በዐይናቸው ጠርተው በማቆያው በኩል፣ በግቢው በኩል፣ በበሩ በኩል ወጡ። በሩ መልካም ቀን ተመኘላቸው።

አስካለ አባቷን አየችው። ፊቱ ላይ ያለው ደስታ ነበር፣ ንጹህ ደስታ፣ ሎተሪ የደረሰው ሰው።

«ተናደደ» አለ። «አስኩ፣ አየሽው? ተናደደ እኮ። ሪዙ ሲንቀጠቀጥ አየሽ? እውነተኛ ነው። እውነተኛ ሽማግሌ ነው፣ ለዘነበችዬ—»

እዚህ ላይ ቆመ። ደስታው ከፊቱ ላይ ቀስ እያለ ሲወርድ፣ አገጩ ጋ ሲደርስ፣ ከዚያ ሲጠፋ አስካለ ቁጭ ብላ ልትከታተለው ትችል ነበር።

ሮጠ። በነጠላ ጫማ እስከ መንገዱ ሮጦ ጋሽ ያፌትን ከኋላ ተጣራ። ሰውዬው ዞር አላሉም። እውነቱን ለመናገር ዞር ማለትም አይችሉም። እናት የሰደበ ሰው ራሱ ይቅርታ አይጠይቅም፣ ሽማግሌ ይልካል፤ ይሄን ናሆምም ያውቃል። የእሁድ ሽማግሌ ደግሞ ከወራት በፊት ነው የሚያዘው።

ናሆም እያለከለከ ተመለሰና ግቢው መሐል ቆመ። ቀስ ብሎ ወደ ማቆያው ዞረ። ማቆያውም ወደ እሱ ዞረ።

ቀጥሎ የሆነውን ሰፈሩ ውስጥ የሚያምን ሰው የለም። ናሆም፣ እምቢተኛው ናሆም፣ የቆርቆሮዋ ማቆያ ፊት ቆሞ አንገቱን ደፍቶ ለመነ። ሂዱና መልሱልኝ አለ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ልባቸው አዝኗል፣ ግን ሥራ ሥራ ነው። የፍራሹ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠርገው እኛም እኮ ልጅ አለን አሉ። እሺ፣ አለ ናሆም። ማጣሪያዎቹም ልጅ አላቸው። እሺ። የጣሪያ ቀለምም ልጅ አለው። እሺ። በሩ እያንዳንዱን እሺ ሲሰማ ትንሽ የደወል ድምፅ ያሰማል፤ ለዓመት ሙሉ በዚህ ቤት ውስጥ ትራሱም መስታወቱም ሊያወራ ነው ማለት ነው። ናሆም በየደወሉ ዐይኑን ይጨፍናል። ተራው የጥርስ ሳሙና ጋ ሲደርስ ጋሽ ኪሩቤል ቦታቸው ላይ የሉም። ማንም ሳይጠይቃቸው ተነስተው መንገዱ ላይ ወጥተዋል፣ ለዕድሜያቸው በጣም እየፈጠኑ።

ሌሎቹ ሽማግሌዎችም ተግተልትለው ወጡ፤ አስካለ በአንድ ጫማ ተከተለቻቸው።

ጋሽ ያፌትን የባጃጁ ፌርማታ ጋ፣ የኒም ዛፍ ሥር ደረሱባቸው። ነጭ ጋቢ በሙሉ ከበባቸው። ባጃጅ የሚጠብቀው ሰው የሆነ ነገር ሊሸጡልኝ ነው ብሎ ጥሎ ሄደ።

የፍራሹ ሽማግሌ ጀመሩ። ይቅርታ ለጀርባ ጥሩ እንደሆነ፣ ዛሬ ይቅር ያለ ሰው እስከ ወሩ መጨረሻ ድረስ ሌላም ይቅርታ እንደሚጨመርለት አስረዱ። የማጣሪያው ሽማግሌ ቂም የሚያስቀረው ደለል ስለሚባል ነገር ተናገሩ። ጋሽ ያፌት ሰማይ ሰማይ እያዩ አዳመጡ። ሁሉም ሲጨርሱ ለዚህ ስንት እንደሚከፈላቸው ብቻ ጠየቁ።

ያኔ ጋሽ ኪሩቤል እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ አስገብተው ማቀዝቀዣውን አጠፉት። ዝዝዝ ያለው ቆመ። ሌሎቹም አዩዋቸውና አንድ በአንድ አጠፉ። ፌርማታው እንደዚህ ጸጥ ብሎ አያውቅም። ሙቀቱ ወዲያው ገባ፤ ከአንዱ ግንባር፣ ከሌላው አንገት ላብ ብቅ ማለት ጀመረ።

«ያፌት» አሉ ጋሽ ኪሩቤል። «እኔ ለሳሙና ስለምን ኖሬ ለሰው እንዴት እንደሚለመን ጠፍቶብኛል። የማውቀውን ልንገርህ። ሰውየው ክፉ አይደለም። እንደኛ ያሉ ሰዎች ያንተን አነጋገር ተውሰው፣ ልጄን ዳርኩ ብሎ በግ እንዲያርድ፣ ሰፈርም እንዲስቅበት አደረጉት። ከዚያ ወዲህ አነጋገሩን ሲሰማ የሚታየው እኛ ነን። የሰደበው እኔን ነው እንጂ እህትህን አይደለም። እሷ እንዳለች እንኳን አላመነም።»

ጋሽ ያፌት ከዘራቸውን ዛፉ ላይ አስደገፉ። ላባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ፣ ደግመው ጠረጉ።

«ልጅቷስ?» አሉ በመጨረሻ። «ሦስት እሁድ ስመላለስ እሷ ምን እንደምትል የነገረኝ የለም። ልጁን ትፈልገዋለች?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ይሄ ሁሉ ሽበት፣ ይሄ ሁሉ እሁድ፣ እና ለዚህ ጥያቄ መልስ የያዘ አንድ ሰው የለም። ለካ ማንም አባወራውን እንጂ ሌላ ሰው ጠይቆ አያውቅም።

«ራሷን ለምን አይጠይቋትም?» አለች አስካለ። ከኋላ ሆና ነው፣ ያለችውን ከሰማች በኋላ አፏን በእጇ ያዘች።

ተመለሱ። መንገዱ ላይ ነጭ ሆነው፣ ዝዝዝ ሳይሉ፣ ላብ በላብ ሆነው። የቀበሌው አውቶቡስ በሩ ላይ ቆሟል፣ ሾፌሩ ሰዓት ያያል። ናሆም ነጠላ ጫማውን አውልቆ በእጁ ይዞ ቆሟል፣ ለምን እንዳወለቀው እሱም አያውቅም። በሩ «ተመልሰዋል» ብሎ ሊመዘግብ የዛሬዎቹን ሽማግሌዎች ስም መጥራት ጀምሯል።

ጋሽ ያፌት ናሆምን አላዩትም። በሩንም አላዩትም። ግቢው መሐል ገብተው ወደ መስኮቱ ቀና አሉ።

«ዘነበች፣ ልጄ» አሉ። «እስኪ ውጪ።»

ዘነበች ወጣች። ሽማግሌ ፊት የምትጠየቀዋ ልጅ እንደማትወጣ ታውቃለች፣ ሶሊያናም ታውቃለች፣ ግን ሶሊያና ራሷ ናት ከኋላ ገፋ ያደረገቻት። ዘነበች በረንዳው ላይ ጥፍር የሌላቸውን ጣቶቿን ደብቃ ቆመች።

«እኔ የደምሰው አጎት ነኝ። ደምሰውን ትፈልጊዋለሽ?»

ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። በሩ ስም መጥራቱን አቆመ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ የት እንደሚመዘገብ አያውቅም።

«አዎ» አለች ዘነበች። ከዚያ ምላሷ የተፈታ ይመስል ቀጠለች። «እፈልገዋለሁ። ማማው ላይ ሲወጣ ግን ገመዱን ሁለት ጊዜ ይሰር። እኔ ብነግረው አይሰማም፣ እርስዎ ይንገሩልኝ።»

የጋሽ ያፌት ሪዝ ዳግመኛ ተንቀጠቀጠ፣ አሁን ግን ወደ ላይ ነው። ያኔ ብቻ ወደ ናሆም ዞሩ። ናሆም አፉን ከፈተ፣ የመጣለት ነገር ይቅርታ ነበር፣ ምርቃት ነበር፣ ብዙ ነበር፤ የወጣው ግን አንድ ቃል ነው።

«እሺ» አለ።

በሩ ደወለ። አስካለ በአንድ ጫማዋ ዘለለች፣ ዘነበች ፊቷን ሸፈነች፣ ሶሊያና ጓዳ ገብታ ሳህን የሚመስል ነገር ስትሰብር ተሰማ። ጋሽ ያፌት ገብተው ተቀመጡ። ሦስት እሁድ ሙሉ ቆመው የዋሉ ሰው ሲቀመጡ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያወጡ ያልሰማ አይገባውም። አጠገባቸው ያለው ትራስ ወዲያው ስለ ፍራሽ ይነግራቸው ጀመር፤ ናሆም በብብቱ አፍኖ ይዞት ወጣ።

ግቢው ውስጥ ሌሎቹ ሽማግሌዎች አውቶቡሱ ላይ እየወጡ ነው። ጋሽ ኪሩቤል ብቻ ማቆያው ጋ ቀርተው ላባቸው እስኪደርቅ ይጠብቃሉ። አስካለ ውሃ አመጣችላቸው። ጠጡና ጀሪካኑን መለሱላት። የሆነ ነገር አስበው ፊታቸው ትንሽ ሌላ ሰው መሰለ።

«አንቺስ ልጄ» አሉ። «የጥርስ ሳሙና ትፈልጊያለሽ?»

አስካለን በሕይወቷ ይሄን ጥያቄ ማንም ጠይቋት አያውቅም። በደንብ አሰበችበት።

«አይ ጋሼ» አለች። «አለኝ።»

«እሺ» አሉ ጋሽ ኪሩቤል።

ከዚህ በኋላ የሚቀጥል ነገር ያለ መስሏቸው ጥቂት ቆሙ፤ ፈገግታው፣ ምርቃቱ፣ የሚቀጥለው እሁድ። ምንም አልነበረም። ጋቢያቸውን አወለቁ፣ አጣጥፈው ክንዳቸው ላይ ጣሉትና፣ ሾፌሩ ኑ ግቡ እያላቸው፣ ቤታቸው ቅርብ እንደሆነ ነግረውት በእግራቸው ሄዱ።